በሽንኩርት ጋሪ የተቀረጸው ሰርግ

ልጅ እያለሁ፣ ቡታጅራ ላይ፣ የአክስቴን የሰሚራን ሰርግ በቪዲዮ የቀረጽኩት እኔ ነበርኩ፤ ያውም ጋሪ ላይ ተቀምጬ።

ካሜራውን የላከው ጅዳ የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ፣ አጎቴ ሸምሱ ነው። እሱ ለሰርጉ መምጣት አልቻለም። ከሰርጉ በፊት አባቴ በዚያው ካሜራ የዒድን በዓል ቀርጾ ልኮለት ነበርና ደውሎ፣ «ወንድሜ፣ ሰማይና መሬቱ ሲገለባበጥ አዞረኝ እኮ! እናታችንን እንኳ የለየኋት በድምጿ ነው። ለሰርጉ በአላህ እጅህን አረጋጋ» አለው።

አባቴ እልኸኛ ነው። ጎረቤታችን ሽንኩርት የሚያመላልስበትን ባለ አራት ጎማ ጋሪ ተዋሰና ካሜራው እንዳይንገጫገጭ ስፖንጅ አነጠፈበት። ከቤቱ ቀላሏ እኔ ስለሆንኩ ካሜራው ለእኔ ተሰጠኝ። «ነጂማ፣ አንቺ ያዢ ብቻ፤ መግፋቱን ለእኔ ተዪው» አለኝ። እናቴ «ልጅቷን እንደ ሽንኩርት ልትገፋት ነው?» ብትል ማን ሰምቷት!

የሰርጉ ቀን ግቢው በቅመም ቅቤ ሽታ ታውዷል። አባቴ ቀስ አድርጎ ይገፋኛል። ሽማግሌዎቹ ግን ፎቶ እየመሰላቸው፣ ወደ እነሱ ስንዞር ጉርሻቸውን እንደያዙ ድርቅ ይላሉ። ሙሽራዋ ከበር ስትወጣ አባቴ «ኧረ ተንቀሳቀሱ!» እያለ ሲጣራ እግሩ አዳለጠውና ጋሪው ከእጁ አመለጠ።

መንገዱ ቁልቁለት ነበር። ሙሽራዋን አለፍኩ፤ የሙሽራዋን መኪና አለፍኩ። ከኋላዬ አባቴ «ያ ረቢ! ልጄን!» እያለ ይሮጣል፣ ሚዜዎቹ በሱፋቸው ይከተሉታል፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየጮኸ ደጁ ላይ ይወጣል። እኔ ካሜራው እንዳይነቃነቅ ትንፋሼን ውጬ እቀርጻለሁ። ጋሪው የጭድ ክምር ውስጥ ገብቶ ቆመ። አባቴ ደርሶ ሲያቅፈኝ «ካሜራው ደህና ነው» አልኩት። «ካሜራው ገደል ይግባ!» ብሎ ጮኸብኝና ጥብቅ አድርጎ ያዘኝ።

አጎቴ ቪዲዮው ሲደርሰው ደወለ። ስቆ ስቆ ሲያበቃ ድምፁ ተለወጠ። «የሰፈሬን ደጅ ሁሉ አየሁት፤ አንድ ሰው አልቀረም። አገሬ የገባሁ መሰለኝ» ብሎ አለቀሰ።

ዛሬ እጄ ቢንቀጠቀጥም ስልኬ ራሱ ምስሉን ያረጋጋዋል። በቅርቡ የእህቴን ልጅ ሰርግ ቀረጽኩ፤ ምስሉ እንከን የለውም። ብቻ እንግዳው ሁሉ ስልኩን ደቅኖ ነበርና፣ የቀረጽኩት የሚቀርጹ ሰዎችን ነው። አሁን ጠቅልሎ አገሩ የገባው አጎቴ ሸምሱ አጠገቤ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው አየና፣

«ጥሩ ነው ልጄ» አለኝ፤ «ሰርገኛው የት ሄደ ታዲያ?»