ለዳማ፣ ለጉራቻ፣ ለቦቃ

ከሚሴ የታሰርኩባት ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበረች። ማሽላው ወጥቶ እኛ ገባን፤ ነቀዙ ግን አልወጣም። ገና ከመግባቴ አንገቴ ላይ ይሄድ ጀመር። ደርግ የሚያስረው የተማረና የታፈረ ሰው ብቻ ይመስለኝ ስለነበር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ኮራ ብያለሁ።

በማግስቱ መርማሪው ፊት አቀረቡኝ። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ልጅ ነው።

"ጦር ግንባር ማን አለህ?"

"ታናሽ ወንድሜ። ከዘመተ ወዲህ ወሬውን አልሰማንም። እናታችን ዱዓ ላይ ናት።"

"ይኸው ጽፎልሃል" ብሎ ፖስታ ቤት የተያዘውን ደብዳቤ ያነብልኝ ጀመር።

"ወንድም ዓለም፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ኮቾሮ የሚሉትን ደረቅ ብስኩት ውኃ ውስጥ ካልነከርነው ጥርስ ይሰብራል። ሱሪዬ ስለሰፋኝ በሲባጎ አስሬዋለሁ። ምሽግ ውስጥ አጠገቤ የሚተኛው ልጅ ሲያንኮራፋ፣ ጠላት እንዳይሰማን በክርኔ እጎስመዋለሁ። ዝናብ ሲጥል የቀያችን የጨፋ ጭቃ ይሸተኛል። ለዳማ፣ ለጉራቻ፣ ለቦቃ ሰላምታዬን አድርስልኝ። የቦቃ ቁስል ዳነ?"

መርማሪው ቀና አለ። "የኅቡዕ ስም ነው። ቦቃ የት ውጊያ ላይ ነው የቆሰለው?"

የኔ ልብ ሌላ ቦታ ነበር። ወንድሜ በሕይወት አለ።

"ጌታዬ፣ 'ደህና ነኝ' የምትለዋን ድገሙልኝ" አልኩት።

በጥፊ መለሰልኝ። ጥርሴ ተነቃነቀች፤ እኔ ሞኙ ግን ሳቄ አልቆም አለኝ።

"በሬዎቼ ናቸው። እኛ አገር የራቀ ሰው ከብቱንም በስሙ ሰላም ይላል።"

"እንግዲያው ይቅረቡ።"

ባለቤቴ መልእክቱ ሲደርሳት ከጨፋ እየነዳች አመጣቻቸው። ከበር ላይ "ወንድሜ ደህና ነው" አልኳት፤ በደስታ ስለ እኔ መጠየቁን ረሳችው። ዘበኛው ወታደር የአገራችን ሰው ነበር። "ኮቱ፣ ቦቃ" ብሎ በኦሮምኛ ና ሲለው፣ ቀንበር የላጠው ጫንቃው የሻረለት ቦቃ ሰተት ብሎ ግቢ ገባ፤ ከሚያብረቀርቀው ጫማ አጠገብም እበቱን ጣለ።

"ይዘሃቸው ጥፋ" አለኝ መርማሪው።

እኔ ግን አልተንቀሳቀስኩም። እኛ ዘንድ ሰላምታ አማና ነው፤ ለባለቤቱ ሳይደርስ አይቀርም።

"ደብዳቤውን ስጡኝ። የተላከው ለእኔ ነው።"

ከእበቱ ፈቀቅ ብሎ ሰጠኝ። ግቢው መሀል ቆሜ፣ ጉንጬ እንዳበጠ፣ "ዳማ፣ ሰላም ብሎሃል። ጉራቻ፣ ሰላም ብሎሃል። ቦቃ፣ ስለ ቁስልህ ጠይቆሃል" አልኩ። መርማሪውም ዘበኛውም እስክጨርስ ጠበቁኝ።

ወንድሜ በሰላም ተመለሰ። በሬዎቹ ካለፉ ቆዩ። ዛሬ ሁለታችንም ጥርስ ስለሌለን ዳቦውንም እንደ ኮቾሮ እየነከርን ነው የምንበላው። አንዳንዴ ማዕድ ላይ ቀና ይልና፣

"ያኔ ሰላምታዬን ለሁሉም አድርሰሃል?" ይለኛል።

"ለሁሉም" እለዋለሁ፤ "መንግሥት ቆሞ እያየ።"