«ቁልፍ» ብሎ ለጻፈ ሁሉ

ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው «ጋሽ የማነው» እያለ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከመታወቂያው በቀር የሚያስታውሰው የለም። ቅጽል ስሙ የወጣለት ከአመሉ ነው። ቁልፍ ሊያስቀርጽ የመጣ ሰው ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ፣ ቁልፉን ተቀብሎ ወደ ብርሃን ከፍ ያደርግና «የማን ነው?» ይላል። የቤቴ ነው ካሉት፣ «በሩ ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ የሚከፈተው?» ይላል። ይሄንንም ከመለሱለት፣ «ስትከፍተው የሚያስቸግርህ የቱ ጋ ነው?» ብሎ ዓይን ዓይናቸውን ያያል። በገዛ በሩ የሚገባ ሰው ለዚህ መልስ ለማግኘት አያስብም። የሰው ቁልፍ ይዞ የመጣ ግን ያምታታል፣ ይቆጣል፣ ወይ ደግሞ «ምን አገባህ!» ብሎ ቁልፉን መንጭቆ ይሄዳል። ይሂዳ! አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው ይባል የለ? ጋሽ የማነውም ሰውን የሚለየው በአያያዙ ነው።

እንዲህ እያለ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠራ። ሱቁ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም። አንድ የቁልፍ መቅረጫ ማሽን፣ ሦስት ሞረድ፣ ግድግዳው ላይ በየዓይነቱ የተሰቀሉ ያልተቀረጹ ቁልፎች፣ ጥግ ላይ አንድ ዱካ፤ በቃ፣ ንብረቱ ይሄው ነው። ግን በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ሰው «ቤቴ አንተ በቀረጽከው ቁልፍ ተከፈተብኝ» ብሎ ደጁን አልረገጠም። በሕይወቱ የሚኮራበት ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

መጠራጠሩስ ከሱቁ አልፎ ቤቱም ገብቷል። ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ከአንዱ ፋርማሲ ገዝቶ፣ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ሌላው ፋርማሲ ሄዶ ይጠይቃል። ነፍሷን ይማርና ሚስቱ፣ «አንተ ሰውዬ፣ መልአክ መጥቶ ወደ ገነት ግባ ቢልህ መታወቂያ አሳየኝ ነው የምትለው» ትለው ነበር። «ታዲያስ! ሰይጣን መልአክ መስሎ አይመጣም እንዴ?» ነበር መልሱ።

አንድ ልጅ አለችው። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ለእሱ ግን ዛሬም ሚጣ ናት። ትሠራበት የነበረው መሥሪያ ቤት ሲዘጋ ጊዜ ወደ አባቷ ሱቅ መጣች። መጥታም ያየችው ነገር አላስደሰታትም። ደንበኛ የለም። ወዲያ ማዶ አዲስ ቁልፍ ቤት ተከፍቶ፣ በስልክ ላይ በቪዲዮ እየታየ ሰውን ሁሉ ሰብስቦታል። ሚጣም አባቷን ሳታማክር የሱቁን ገጽ ከፈተች፤ እጁ ሲሞርድ፣ ማሽኑ ሲሽከረከር እየቀረጸች ትለጥፍ ጀመር። አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ ስልኳን ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ተመልከት። ሰው ቪዲዮውን ያይና ከሥሩ 'ቁልፍ' ብሎ ይጽፋል። እኔ ሳልነካው ወዲያው በውስጥ መስመር መልእክት ይሄድለታል። ስሙን ይጠይቀዋል፣ ስልኩን ይጠይቀዋል፣ ምን ዓይነት በር እንዳለው ይጠይቀዋል። ዝርዝሩ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል፤ የኔ ሥራ መደወል ብቻ ነው።»

«ማን ነው የሚልክለት?»

«ማንም። ራሱ ነው የሚልከው።»

«ማንም የሚባል ሰው የለም። የሚጽፍ እጅማ አለ።»

«ሮቦት ነው አባዬ!»

«የማን ነው?»

ሚጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም።

ከሰዓት በኋላ ሱቁን ለእሷ ትቶ ጎረቤቱ ጫማ ሠሪው ዘንድ ሄደ። «ስልክህን አምጣ፣ አንድ ሌባ ልፈትን ነው» አለው። በጫማ ሠሪው ስልክ ከቪዲዮው ሥር «ቁልፍ» ብለው ጻፉ። ዓይን ሳይርገበገብ መልስ መጣ፤ «ሰላም ውድ ደንበኛችን! እንኳን ወደ ጋሽ የማነው ቁልፍ ቤት በደህና መጡ። ምን እንርዳዎት?»

«ሳያየኝ እንዴት ነው የተወደድኩት?» አለ ጋሽ የማነው።

«እኔ ምን አውቄ፣ አንተው ነህ የወደድከኝ» አለ ጫማ ሠሪው።

ጋሽ የማነው መነጽሩን አስተካክሎ፣ በአንድ ጣቱ ፊደል እየለቀመ፣ «ሌባ ነኝ። የሰው ቤት መክፈት ፈልጌ ነው» ብሎ ጻፈ። መልሱ ፈጥኖ መጣ፤ «በጣም እናመሰግናለን! ስልክ ቁጥርዎን ያስቀምጡልን፤ ባለሙያ እንልክልዎታለን።»

ጫማ ሠሪው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ጋሽ የማነው ግን ጆሮው ቀላ። «ቁጥርማ አልሰጥም!» ብሎ ስልኩን መለሰለትና በቀጥታ ወደ ልጁ ሄደ።

«ሌባ ነኝ አልኩት፣ አመሰገነኝ!»

«አባዬ ሙት፣ የትኛው ሌባ ነው ስልኩን አስመዝግቦ የሚሰርቅ? ደግሞስ በመጨረሻ በሩ ላይ የምትቆመው አንተ አይደለህም? እዚያ ጠይቃቸው። አንተ ያልጠየቅከው በር አይከፈትም፣ እሺ?»

እሺ አለ። እሺ ያለው አምኖ አይደለም። ልጅቷ ከሥራ ከወጣች ወዲህ እንዲህ ፊቷ ሲፈካ አላየም ነበርና ክፉ መናገር አቃተው። ደንበኛውም እውነት መጣ። ወር ሳይሞላው ጋሽ የማነው ቦርሳውን አንግቶ ከበር ወደ በር ሲል ይውል ጀመር። በየበሩም ሦስቱን ጥያቄ ይጠይቃል፣ ሰዎቹም እየሳቁ ይመልሱለታል። ቢሆንም አልፎ አልፎ የልጁን ስልክ እንዳልታመነ ውሻ እያየ፣ «ዛሬስ ማንን አመሰገነ?» ይላታል።

አንዲት ነርስ ቪዲዮውን አይታ የመጣችው በሁለተኛው ወር ነው። ቀጭን፣ ድምፅዋ የማይሰማ፣ የሥራ ነጭ ጫማዋን ያላወለቀች ሴት ናት። የበሯን መቆለፊያ፣ ጓንጉሉን፣ እንዲቀይርላት ፈለገች። «በሩ ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ የሚከፈተው?» አላት።

«አላየሁትም ጋሼ። ትናንት ነው የገባሁት» አለች፤ ከዚያም ወደ መሬት እያየች፣ «ብቻ ከቀድሞ ባለቤቴ የሚያስጥለኝ ይሁን። የት እንዳለሁ አያውቅም፤ ቢያውቅ ይገድለኛል» አለች።

ጋሽ የማነው ሦስተኛውን ጥያቄ ዋጠው። ቦርሳውን አነሳና ተከተላት። ቤቷ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ አምስት ተከራይ ያለበት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ናት፤ በሯ ሰማያዊ ነው። ወፍራም ብረት የሚያልፍበት ጥሩ ጓንጉል ገጠመላት። ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘግቶ አሳያት። ሚጣ አስፈቅዳ የአባቷን እጅና በሩን ቀረጸች፤ የሴትየዋ ፊት አልታየም፣ ድምፅዋም አልተሰማም። ሥራው የሚያኮራ ነበርና ቪዲዮውን ብዙ ሰው አየው። ነርሷም በሦስተኛው ቀን ደስ ቢላት ከሥሩ ጻፈች፤ «ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ገና ዛሬ እንቅልፍ ተኛሁ።»

ሚጣ ይህን ለአባቷ አነበበችለት። እሱም መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። «እቺ ሮቦትሽ አንድ ቀን ደህና ነገር አመጣች» አለ፤ ያንን ማሽን ያመሰገነው ያን ቀን ብቻ ነው።

ከሳምንት በኋላ፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ ሚጣ የቀኑን ዝርዝር እያነበበችለት ነበር። «ሦስተኛው ወንድ ነው፣ የቤቱ ቁልፍ ጠፍቶበታል፣ አስቸኳይ ይላል። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር...»

«እስቲ ድገሚው።»

ደገመችው። ጋሽ የማነው ከዱካው ብድግ አለ። «ለነርሷ ደውይ። እስክታነሳ ድረስ ደውይ» ብሎ ቦርሳውን ሳያነግት በእጁ ይዞ ወጣ። ጉልበቱ ያመዋል፤ ያን ቀን ግን ሕመሙ ትዝ አላለውም።

ሰውየው ሰማያዊው በር ላይ ተደግፎ ቆሟል። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጺሙ የተላጨ፣ ፈገግታው የማይጠፋ። «አባቴ፣ አደከምኩዎ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባለቤቴ ሥራ ገብታለች፤ እኔ ደግሞ ቁልፌን ጣልኩት» አለ።

«ቤቱ የማን ነው?»

«የእኔና የባለቤቴ ነዋ» አለና በስልኩ የሠርጋቸውን ፎቶ አሳየው። ነርሷ ናት፣ ወፍራ፣ እየሳቀች።

«በሩ ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ የሚከፈተው?»

«ወደ ውስጥ።» ልክ ነው።

«ስትከፍተው የሚያስቸግርህ የቱ ጋ ነው?»

ሰውየው ሳቀ። «ምንም አያስቸግርም አባቴ፣ አዲስ አይደል? ብቻ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ማዞር አለብዎት። እርስዎ ራስዎ አይደሉ ሦስቴ ከፍተው ዘግተው ያሳዩት? ቪዲዮውን አይቼዋለሁ እኮ።»

ጋሽ የማነው ሠላሳ አንድ ዓመት ሌባን የለየበት ጥያቄ ሁሉ መልሱ በገዛ ገጹ ላይ ተለጥፎ ኖሯል!

«ቤትህ ከሆነ ታዲያ በቪዲዮ ምን አሳየህ?» አለው። «ይሄን ግቢስ ማን ነገረህ?»

«እንዴ፣ እናንተ ናችኋ!» ሰውየው ስልኩን አፍንጫው ሥር ደቀነለት። «ከሥሩ እንቅልፍ ተኛሁ ብላ ስትጽፍ አየኋት። እኔም 'ቁልፍ' ብዬ ጻፍኩ፣ ስልኬን ሰጠሁ፣ ይኸው የላካችሁልኝ።»

ጋሽ የማነው አነበበ። ያን ቀን በጫማ ሠሪው ስልክ፣ ቁጥር አልሰጥም ብሎ፣ ያላየው ሁለተኛው መልእክት ነበር። «ስልክዎ ደርሶናል! በቪዲዮው ያዩት ሥራ የተሠራው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ አምስት ተከራይ ያለበት ግቢ ውስጥ ነው። ጎረቤት ከሆኑ ልዩ ቅናሽ አለን!» ሚጣ ናት ለየቪዲዮው ቦታውን እየቀየረች የጻፈችው። ጎረቤት ጎረቤቱን እንዲያመጣ ብላ፣ በቅን ልቧ።

«በሉ ይክፈቱልኝ» አለ ሰውየው፤ ፈገግታው አሁንም አለ።

«አልከፍትም።»

«ይከፈልዎታል።»

«አልከፍትም አልኩህ! ሰዎች!» ብሎ ጮኸ ጋሽ የማነው። «ኧረ የግቢው ሰዎች!» ከየክፍሉ ሰው ብቅ ብቅ አለ፤ አንዷ የልብስ ሳሙና አረፋ በክንዷ ላይ እንዳለ ወጣች። ሰውየው ዞር ዞር ብሎ አያቸው። አልተቆጣም፣ አልተሳደበም። የሸሚዙን እጀታ አስተካከለና፣ «ግድ የለም። ቤቱን እንደሆነ አውቄዋለሁ» ብሎ እየተራመደ ወጣ።

ነርሷ የደረሰችው ከግማሽ ሰዓት በኋላ እያለከለከች ነው። ሚጣ ሃያ ጊዜ ደውላላታለች። ጋሽ የማነውን ከበሩ ሥር መሬት ላይ ተቀምጦ አገኘችው። የግቢው ሰዎች እየተቀባበሉ ሁሉንም ነገሯት፤ ሸሚዙን፣ ፈገግታውን፣ የሠርጉን ፎቶ። እሷ ግንቡን ይዛ ሰማች።

«ማን ነገረው?» አለች። «ከእህቴ በቀር የሚያውቅ የለም። እህቴ ናት። እህቴ ናት አይደል ጋሼ? ለምኗት ይሆናል፣ እሷ ሲያለቅሱባት አትችልም። የእናቴ ልጅ ሸጠችኝ!» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ጋሽ የማነው ዝም ማለት ይችል ነበር። ዝም አይነቅዝም። ሁለተኛውን መልእክት ያነበበ እዚያ ግቢ ውስጥ ማንም የለም፤ ሚጣም ማታ ታጠፋዋለች። ስሙም እንዳማረበት ይኖር ነበር። ተነስቶ ቆመ።

«እህትሽን አትጠርጥሪያት ልጄ» አለ። «እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«በሱቄ ገጽ ነው ያገኘሽ። ቤትሽን በመልእክት ነው የነገርነው። ለእሱ ብቻም አይደል፣ 'ቁልፍ' ብሎ ለጻፈ ሁሉ ነው የነገርነው። ልጄ ባታውቅ ነው፤ እኔ ግን ማወቅ ነበረብኝ።»

ነርሷ ብዙ አየችው። ከዚያ በሯን ከፍታ ገባች። ሻንጣዋን ከአልጋዋ ሥር ጎትታ ልብሷን ሳታጣጥፍ ትጠቀጥቅበት ጀመር። ገና ሁለት መጋረጃ እንኳ አልሰቀለችም ነበር። ጋሽ የማነው ደፍ ላይ ቆሞ፣ ቦርሳውን አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እጁ ይዞ፣ ምን እንደሚያደርግ ጠፋው። ሻንጣው ሲዘጋ ግን ገብቶ አነሳላት።

«እስከ ግቢው በር ድረስ ብቻ» አለች።

«እስከ ታክሲ ላድርስልሽ እንጂ፣ ከባድ ነው።»

«አይሆንም። በየት በኩል እንደምሄድ እንዲያዩ አልፈልግም።»

የግቢው በር ላይ ሻንጣውን ተቀበለችው። ጋሽ የማነው እንዳለችው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የሻንጣው ጎማ ጠጠሩ ላይ ሲንኮሻኮሽ ሰማ፣ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማ፤ ድምፁ ጠፍቶ ብዙ ከቆየ በኋላም አልዞረም።