የሰይድ እጅጌ

የሐይቅ ከተማን የሹራብ ማኅበር ጦርነት በተነው ይባላል። ውሸት ነው። ጦርነቱማ አሰባሰበው፤ የበተነው ይሉኝታ ነው።

ይህን ያስታወሰኝ ባለፈው ሰሞን እናቴን ልጠይቅ ሐይቅ ስገባ ከቀበሌው አዳራሽ የወጣ የአዲስ ሱፍ ክር ሽታ ነው። ከቅርቡ ጦርነት በኋላ ሴቶችን ለማቋቋም የመጣች ወጣት አሠልጣኝ ለእያንዳንዷ ሴት የየራሷን ክር እያደለች "አብሮ መሥራትን እናለማምዳችኋለን" ትላለች። እናቴ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው።

እኔ ልጅ ሳለሁ፣ አብዮቱ አርጅቶ ጦርነቱ በጎለመሰበት ዘመን፣ ቀበሌው ለግንባር ሹራብ ሥሩ ብሎ ሴቶቹን አዘዘ። ትእዛዙን ማኅበር ያደረገችው ግን ጎረቤታችን ሐዋ ናት። የሐይቁ ነፋስ በሚገባበት ግቢዋ ሰብስባቸው አንድ ሕግ አወጣች፤ የጀመረችውን የምትጨርስ ሴት የለችም። አንዷ ጀርባውን ሠርታ ታቀብላለች፣ ሌላዋ ደረቱን፣ ሌላዋ እጅጌውን ትቀጥላለች። "ብቻዋን የሠራች ለልጇ ትለካለች" ትል ነበር ሐዋ። እርግጥ አንዷ ክር ስታጠብቅ ሌላዋ ስለምታላላ፣ ጀርባው እንደ ከበሮ የተወጠረ፣ ደረቱ እንደ ወንፊት የሳሳ ሹራብ ይወጣ ነበር። ክርስቲያኖቹ ለግሸን ንግሥ ሲሄዱ ሙስሊሞቹ የእነሱን እጅጌ ተረክበው ይቆያሉ፤ ረመዳን ሲገባ ደግሞ እናቴና ጓደኞቿ የጾመኞቹን ድርሻ እየጨመሩ፣ አምባሰልን ከቅኝቱ አስወጥተው እያንጎራጎሩ ይሠራሉ።

ከዚያ የሐዋን አንድያ ልጅ ሰይድን ከገበያ ለውትድርና አፍሰው ወሰዱት። ሰይድ በሐይቅ ከተማ ሳይጎነበስ የሚገባበት በር ያልነበረው ረጅም ልጅ ነው። በማግስቱ ሐዋ የያዘችውን ሹራብ አላቀብልም አለች።

"ለማን ልትሠሪው ነው?" አለቻት እናቴ።

"ለሰይድ።"

"በማን እጅ ትልኪዋለሽ፣ ሐዋዬ? ሹራባችን የሚታጨቅበት ጆንያ የሚሄድበትን አላህ ነው የሚያውቀው።"

ሐዋ ሹራቡን ወደ ደረቷ ሰበሰበች። እናቴ የሹራብ መሥሪያ ሽቦዋን አነሣችና "በይ ልኩን ንገሪን" አለች።

"ከትከሻዬ እስከ ጣቴ ጫፍ፤ ከዚያ አንድ ስንዝር።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዚያ ግቢ የወጣ ሹራብ ሁሉ በሰይድ ልክ ተሠራ። ጆንያው የትም ይሂድ የት፣ አንዱ አይስተውም ብለው ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር አንዱን ዘርግቶ ሲያይ ደነገጠ። "ይኼ እጅጌ ለሰው ነው ለዝንጀሮ?"

"እጅጌ ረዝሞበት በብርድ የሞተ የለም፣ ጓድ ሊቀመንበር" አለች እናቴ።

መንግሥት ሲወድቅ ወታደሮቹ በወልድያ መንገድ በእግራቸው ተግተለተሉ። ሐዋ አስፋልቱ ዳር ቆማ የሁሉንም እጅጌ ታያለች። አንድ አጭር ወታደር እጅጌውን ደጋግሞ ጠቅልሎ መጣ። ሮጣ ያዘችው።

"ይኼን ማን ሰጠህ?"

"ከግምጃ ቤት ነው፣ እማማ። የእርስዎ ከሆነ ላውልቀው።"

"የለም የኔ ልጅ፣ ይበርድሃል" አለችና የተፈታውን እጅጌ ጠቅልላለት አሳለፈችው።

ሰይድ አልመጣም። መርዶም አልመጣም። የሚያስገድድ ቀበሌ ባይኖርም ሴቶቹ በራሳቸው ፈቃድ ሐዋ ግቢ ተመልሰው ተሰበሰቡ፤ ክርም ሽቦም ነበራቸው፣ የሚጀምር ግን ጠፋ። በሌላ ሰው ልክ መጀመር ለሐዋ መርዶ መንገር ነው፤ በሰይድ ልክ መጀመርም ቁስሏን መነካካት ነው። ስለዚህ ስለ ዓሣና ስለ ዝናብ እያወሩ፣ ሽቦውን በፌስታል ጠቅልለው ጭናቸው ላይ እንዳስቀመጡ ይመሻል። አንዷ ልጅ ታሞብኝ ነው አለች፣ ሌላዋ እንግዳ መጣብኝ አለች፤ በመጨረሻ እናቴም ቀረች። ለሐዋ አዝነው ሐዋን ብቻዋን ተዋት። ያን ያህል የተዋደዱ ሴቶች ዛሬ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታቸው ረጅም ነው፣ ጨዋታቸው ግን የለም። ጥይት ያልነካውን ነገር በጨዋነት እንዲህ መግደል የሚችል ሰው ከእኛ ሌላ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ሐዋ አርጅታለች፤ በሯን ግን ቀን አትዘጋም። በዚያ ዘመን ዘምተህ ከነበረና በር ሲገባ የሚጎነበስ፣ ሰይድ የሚባል የሐይቅ ልጅ ካወቅህ፣ ሐይቅ ሂድና የሆነውን ለእናቱ ንገራት። ሞቶም ከሆነ ሞቷል በላት። ይሉኝታህን ግን አስፋልቱ ላይ ትተኸው ግባ።