ሁለቱ የነሐስ እጆች

ካላይቶስ ዕድሜውን ሙሉ በአሬኮራታ ከተማ ነሐስ ሲያቀልጥ የኖረ ሰው ነው። ጦር ያነገበው ፈረሰኛ የተቀረጸበት የከተማዋ ገንዘብ ሁሉ ከሱ ምድጃ የወጣ ነው። ሮማውያን ግብሩን ባከበዱበት ዓመት የየቤቱ ድስት፣ የቀበቶ ዘለበት፣ የፈረስ ቃጭል ሳይቀር ወደዚያ ምድጃ ገባ። ከሱ ቤት የሚጠበቀው ነሐስ አልሞላ ሲል፣ አባቱ ያወረሱትን የእንግድነት እጅ፣ ለመጨባበጥ የተዘረጋ እጅ የሚመስለውን ትንሽ የነሐስ ምልክት፣ ጨመረበት። ከሱ ጋር የሚገጥመው ጥንዱ ሩቅ አገር ባለ ወዳጅ ቤተሰብ ዘንድ ይኖራል። ያንን ይዞ የመጣ ሰው የቤት ልጅ ነው፤ ሮማውያን እንኳ አይነኩትም። «ደሞ ማን ሊመጣ» ብሎ ራሱን አጽናና። ሰው መቼም ራሱን ለማታለል አይሰንፍም።

በመከር የዚያ ወዳጅ ቤተሰብ ልጅ ስቴና መጣች። አገሯ ተቃጥሏል፤ የሮማ ወታደሮች የተረፈውን ሰው እየለቀሙ ለባርነት ይሸጣሉ። ሕፃን አዝላ፣ ጥንዱን የነሐስ እጅ ጨብጣ ከከተማው በር ቆመች።

የበሩ ሽማግሌ ቲርታኖስ ካላይቶስን አስጠራው።

«እንግዳህ ነኝ ትላለች። ጥንዱን አምጣና ግጠመው። እስከዚያ ውጭ ትቆይ፤ እኔ በማላውቃት ሴት ከተማ አላስፈጅም።»

ካላይቶስን ላብ አጠመቀው። አቅልጬዋለሁ ማለት አቃተው። ወደ ስቴና ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ።

«እህቴ፣ ያንቺን ለጥቂት ስጪኝ። ቅርጹን በጭቃ አንስቼ ጥንዱን ልሥራ።»

«ያንተውስ?»

«አትጠይቂኝ።»

ገባት። «አባቴ ሞቶ እንኳ ከጁ ፈልቅቀን ነው የወሰድነው» አለችና ሰጠችው። «ቶሎ በል፣ ወንድሜ።»

ጭቃው ሳይደርቅ የቀለጠ ነሐስ ቢፈስበት ይፈነዳል። ስለዚህ ካላይቶስ እሳቱ ዳር እያገላበጠ፣ አንዴ እየረገመ አንዴ እየለመነ ጠበቀ። አፈሰሰ፤ ሞረደ፤ ሁለቱን እጆች አጨባበጣቸው።  ሁለቱንም ይዞ እየሮጠ ወደ በሩ ሄደ።

በሩ ላይ ቲርታኖስ ብቻውን ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ቀና ብሎም አላየው።

«ወታደሮቹ መጥተው ነበር» አለ። «አሳዘነችኝና ዋሸሁላት። የከተማችን እንግዳ ናት፣ የእንግድነት እጅ ይዛለች ብዬ ማልኩ። አለቃቸው ክፉ አልነበረም። ጥንዱንም አልጠየቀ። የያዘችውን ብቻ ታሳየኝ አለ።»

«እሺ?»

«ምን ታሳየው?»

ካላይቶስ የተወሰደችበትን መንገድ አየ። አቧራው እንኳ ሰክኗል። አዲሱ እጅ መዳፉ ውስጥ ገና ይሞቅ ነበር።