ሁሉም «ደህና» የነበሩበት ክፍል

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የነርሶቹ አለቃ ማትሮኗ መጀመሪያ ያዩት ጥፍሬን፣ ቀጥሎ ጫማዬን ነው። ፈረንጅ ነበሩ፤ አማርኛቸው እንደ ትእዛዝ አጭር አጭር ነው። ነጭ ሽርጥ ሰጡኝና፣ «ዘነበች፣ ኦሮምኛ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«የሱቅ ኦሮምኛ አውቃለሁ» አልኳቸው።

እውነቴን ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ አሰላ ላይ ጨውና አቡጀዲ ይሸጥ ነበር። እኔ ያደግሁት ከእናቴ ጋር ከባንኮኒው ኋላ ነው። ዋጋ መናገር፣ ክንድ መለካት፣ መከራከር በኦሮምኛ እችላለሁ። ስለ ሕመም ማውራት ግን አልለመድኩም፤ የታመመ ሰው ሱቅ አይመጣም። ማትሮኗ ይህን ሁሉ አልጠበቁም። «ጥሩ፤ ረጅሙ ክፍል» ብለው ላኩኝ።

ሕክምና ቤቱ ከከተማው ዳር የነበረ፣ ዛሬ በቦታው የሌለ ትንሽ ቤት ነው። ረጅሙ ክፍል የምንለው ቶሎ የማይድኑ ሰዎች የሚተኙበትን ነበር፤ የአጥንት ነቀርሳ የያዛቸው፣ ሽባ የሆኑ፣ እሳት የበላቸው። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል። እኔ ረዳት ድሬሰር ነበርኩ፤ ቁስል አጣቢና አስታማሚ። በማዕረግ ከእኔ በታች ያሉት የጽዳት ሠራተኞች ብቻ ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ያዙኝ ነበር።

ጠዋት ሙቀት እለካለሁ፣ መርፌ እቀቅላለሁ፣ የመጸዳጃ ፓን አቀርባለሁ፣ አነሳለሁ። ከዚያ ማገላበጥ ነው። የተኛ ሰው ሳይገላበጥ ከቆየ ዳሌውና ተረከዙ ይቆስላል። ማትሮኗ «የመኝታ ቁስል የበሽተኛው አይደለም፤ የነርሷ ነው» ይሉን ስለነበር፣ ቆዳውን በስፒሪት አሽተን ፓውደር እንነሰንሳለን።

አዴ ሙሚና ከመስኮቱ ሥር ይተኙ ነበር። «አዴ» ማለት በኦሮምኛ ለተከበረች ሴት ነው፤ እኛ «እትዬ» እንደምንለው። ጮሌ ከሚባለው ደጋ አገር የመጡ፣ የዳሌ አጥንታቸውን ነቀርሳ የበላው ባልቴት ናቸው። ከወገባቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጀሶ ተደርጎላቸዋል። ምንም ነገር ጠይቀው አያውቁም። ስናገላብጣቸው የነጠላቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ይይዙና ዝም ይላሉ። እኔም ወደድኳቸው፤ የማያስቸግር በሽተኛ ለድሬሰር ዕረፍቱ ነው።

ሁለተኛው ዓመቴ ላይ ሲስተር አልማዝ ከአዲስ አበባ መጣች። ውጭ አገር የተማረች ነርስ ናት፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። የመጣችው ለጥናት ነው። ቶሎ የማይድን ሰው በአልጋ ላይ ሆኖ ኑሮው ምን ይመስላል፣ ነርስስ ምን ልታደርግለት ትችላለች የሚል ጥናት። እንዲህ ያለ ጥናት መኖሩን ያን ቀን ነው የሰማሁት። «ተኝተው ምን ኑሮ አላቸው?» ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

አስተርጓሚዋ አደረጉኝ። ከአልጋ አልጋ እየሄድን «ኑሮዎ እንዴት ነው?» ትላለች፤ እኔ በኦሮምኛ እጠይቃለሁ። ሁሉም የመለሰው አንድ ነገር ነው። ሙስሊሙ «አልሀምዱሊላ»፣ ክርስቲያኑ «ተመስገን»፣ ሌላው «ነጋ»፣ ማለትም ሰላም ነው። ሁለት እግሩ የማይንቀሳቀስ የበቆጂ ገበሬ ደህና ነበር። ፊቷ የተቃጠለው ሴትዮ ደህና ነበረች። አዴ ሙሚና ደግሞ ከሁሉም በላይ ደህና ነበሩ፤ «ድኛለሁ፤ ወደ ቤቴ ስደዱኝ» አሉ።

ሲስተር አልማዝ ኮሪደር ላይ ቆማ ራሷን ነቀነቀች። «እንዲህ ያለ ጤነኛ ክፍል አይቼ አላውቅም። የታመመው ጥያቄው ነው።»

ደሜ ፈላ። «እኔ ያሉኝን ነው የተረጎምኩት!»

«ምን ብለሽ ነው የጠየቅሽልኝ?»

«አከም ጅርቱ።»

«እሱ ሰላምታ አይደለም እንዴ?»

እውነቷን ነው። በኦሮምኛ ሰው ሲገናኝ የሚባባለው «እንዴት ትኖራላችሁ» ነው። ኑሮን መጠየቅና ሰላም ማለት አንድ ናቸው። ለሰላምታ ደግሞ መልሱ የታወቀ ነው፤ መርዶ ይዞ የመጣ ሰው እንኳ መጀመሪያ «ነጋ» ይልና ነው ሌላውን የሚያወጣው። አማርኛውስ ቢሆን? «ኑሮ እንዴት ነው?» ስንለው «መሮኛል» ብሎ የጀመረ ጎረቤት አላውቅም።

«እንግዲያው ቀኑን ሙሉ ሰላም ስንል ነው የዋልነው» አለችና ሳቀች። ለእኔ ሳቁ አልመጣልኝም።

ዶክተሩ ግን አዴ ሙሚና ያሉትን ሰምተው ሊያሰናብቷቸው ወስነው ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ቁስለኛ ኮሪደር ላይ እየተኛባቸው ነው።

«አጥንታቸው እኮ አልደረቀም» አለቻቸው ሲስተር አልማዝ።

«አውቃለሁ። ነግሬያታለሁ። ግን ሰው ልሂድ ሲል በገመድ አላስርም። አልጋውን የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ።»

እንደዚያ ሆነው ወደ ጮሌ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በጭነት መኪና መንገላታት ነው፤ ከዚያ በሰው ትከሻ፣ በቃሬዛ። አጥንቱ ከተናጋ አበቃ። እዚያ መርፌ የሚወጋቸው የለም።

ልጃቸው ከድር ጎረቤቶቹን ይዞ ሊወስዳቸው መጣ። አዘጋጂያቸው ተብዬ ገባሁ። ነጠላቸውን እያስተካከልኩ እናቴ ትዝ አለችኝ። ገበሬ ሱቅ ሲገባ የፈለገውን መጀመሪያ አይናገርም፤ የጨው ዋጋ ይጠይቃል፣ ስለ ዝናቡ ያወራል። እናቴ ማንንም «ምን ፈለግህ?» ብላ አታውቅም፤ ሰውን ለማኝ ያስመስለዋል ትል ነበር። እሷ የምትለው «ቤት ምን ጎደለ?» ነው። ከማንም ቤት የሚጎድል አይጠፋምና መናገሩ አያሳፍርም።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የበሽተኛ አልጋ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው፤ ማትሮኗ ቢያዩኝ ጉዴ ነበር።

«አዴ ሙሚና፣ ከዚህ ቤት ምን ጎደለ?»

ትኩር ብለው አዩኝ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞር ብለው «ከድር፣ ውጭ ጠብቁኝ» አሉት። እሱ ከጎረቤቶቹ ጋር ወጣ።

«ውኃ» አሉኝ።

«ውኃማ በየጠዋቱ አመጣልዎ የለም?»

«ታመጫለሽ፣ ኢንተለ ኮ፤ ታመጫለሽ ልጄ። ግን ከታች የታጠብኩበትን ሳፋ መልሰሽ ለፊቴ ታቀርቢልኛለሽ። በዚያ ውዱእ አይደረግም። እዚህ ከገባሁ አንድ ቀን አልሰገድኩም። እንዲህ እንዳለሁ ከምሞት ቤቴ ልግባና ታጥቤ ልሙት።»

ሳፋውን ላይዞል በሚባል የጀርም መድኃኒት እናጥበዋለን፤ በእኛ ደንብ ንጹሕ ነው። እሳቸው የሚሉት ንጽሕና ግን ላይዞል የሚደርስበት አልነበረም።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?»

«የወለድኩት ልጅ ያላጠበኝን አንቺ ታጥቢኛለሽ። በምን አፌ ጎደለኝ እላለሁ?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ተረቱን ያወጣው ሰው በሌላ ሰው እጅ ታጥቦ አያውቅም መሰለኝ።

ወጥ ቤት ሮጬ ማንቆርቆሪያ አነሳሁ፤ ወጥ ቤቷ ጮኸችብኝ። በር ላይ ማትሮኗ ያዙኝ። ነገርኳቸው። «ጀሶው ውኃ ቢጠጣ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ» ብለው አሳለፉኝ።

እኔ አፈሰስኩ፣ እሳቸው ታጠቡ። እጃቸውን፣ አፋቸውን፣ ፊታቸውን፣ ክንዳቸውን። አናታቸውን በእርጥብ እጅ አበሱ፤ ደህናውን እግራቸውን አጠብኩላቸው። ጀሶው ላይ ሲደርሱ እርጥብ መዳፋቸውን ከላይ አሳለፉበት እንጂ ጠብታ አላፈሰሱበትም። ከሲስተር አልማዝ ጋር አልጋውን ወደሚሰግዱበት አቅጣጫ አዞርንላቸው። ተኝተው፣ ጭንቅላታቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ ሰገዱ። እኔ ማተብ ያለኝ ሰው ነኝ፤ ወዴት እንደምመለከት ጠፋኝ። አለቀስኩ፤ አልደብቅም።

ከድር ተመልሶ ገባ። «እናቴ፣ መኪናው እየጠበቀን ነው።»

«ሂዱ» አሉት። «ገብሱን እጨዱ። እኔ እዚሁ እቆያለሁ።»

ዶክተሩ ለጉብኝት ሲመጡ ገርሟቸው፣ «አልሄደችም? ምን ሰጣችኋት?» አሉ።

«ማንቆርቆሪያ» አለች ሲስተር አልማዝ።

ነገሩን አስረዳቻቸው። እሳቸውም የፊትና የገላ ሳፋ እንዲለይ፣ ማንቆርቆሪያም እንዲገዛ አዘዙ። ኮሪደር ላይ የነበረው ቁስለኛ ግን ለጊዜው እዚያው ቀረ፤ ይህንንም መናገር አለብኝ።

ሲስተር አልማዝ ጥያቄዋን ለወጠችና እንደገና ዞርን። አሁን «ምን ጎደለ?» ነው የምንለው። ወሬው ፈሰሰ። የበቆጂው ገበሬ ራስጌው እንዲዞርለት ፈለገ፤ በበሩ የሚገባውን ሰው ማየት ናፍቆታል። ፊቷ የተቃጠለው ሴትዮ ዘመድ ሲመጣባት የምትከናነብበት ሻሽ አልነበራትም። መድኃኒት የጠየቀን ጥቂት ሰው ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። አዴ ሙሚና አልዳኑም። ነቀርሳው ወደ ሳንባቸው ገባ፤ ክረምቱ ሲከብድ ክብደታቸው በእጄ ላይ ሲቀል ይታወቀኝ ጀመር።

አንድ ጠዋት ላገላብጣቸው ስል የእጄን አንጓ ያዙ። ነጠላቸውን በጥርሳቸው አልያዙም።

«ቀስ በይ፣ ልጄ። ያመኛል።»

ቆምኩ። ያን ያህል ጊዜ ሳስታምማቸው ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም። ለሲስተር አልማዝ ነገርኳት፣ እሷ ለዶክተሩ። ከማገላበጣችን በፊት የሕመም ማስታገሻ መርፌ እንዲወጉ ታዘዘ። እስኪያርፉ ድረስ እንደዚያ አደረግን። የት እንደሚያማቸው ይነግሩኛል፤ እጄን ወደዚያ አላሳርፍም።

ከድር አስከሬኑን ሊወስድ መጣ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «እናቴ እንዴት ነበሩ?» አለኝ። «ደህና ነበሩ» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ያማቸው ነበር» አልኩት። «ሲያማቸው ግን ይነግሩኝ ነበር።»

ራሱን ዝቅ አድርጎ እጄን ሳመው።

እኔ ከሥራ ወጥቻለሁ። ይህን ሥራ ለምትጀምሩት የምለው ይህን ብቻ ነው፦ በሽተኛ «ደህና ነኝ» ሲላችሁ ሰላምታችሁን ነው የመለሰላችሁ። ጥያቄውን ገና አልጠየቃችሁትም።