ወይዘሮ ታየችና የሳቀው ጋቢ

የእድራችን መዝገብ ስለ ወይዘሮ ታየች የሚለው ይህን ብቻ ነው፦ ተወለዱ 1956፣ አረፉ ኅዳር 2017፣ ሥራቸው የሸማኔዎች ኃላፊ። ቁጥሮቹን አመሳክሬአለሁ፤ ልክ ናቸው። የቀረው ሳቃቸው ነው፤ እሱን እዚህ አስገባለሁ።

ሽሮ ሜዳ ባለው ቤታቸው ስድስት ሸማኔዎች ይሠሩ ነበር። እሳቸው ግን ፈትል እንጂ ሽመና አያውቁም። ጥር 19 ቀን 2016 ለሚደረግ ሰርግ ስምንት ጋቢ ታዘዘ። ጋቢ የሚሆነው ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ተሰፍቶ ነው፤ እንደ ልማዱ ሁለቱንም የሚሠራው አንድ ሸማኔ ነው። ወይዘሮ ታየች ሥራው እንዲፈጥን ብለው አንዱን ጋቢ ለሁለት ሰው አካፈሉ። ግማሹ ለአንጋፋው ለሾዴ፣ ግማሹ ለወጣቱ ለኢስሐቅ ደረሰ፤ ሌሎቹም እንዲሁ ተጣመሩ።

ጥር 7 የመጀመሪያው ጋቢ ተሰፋ። የሾዴ ጎን ጠንካራ፣ የኢስሐቅ ልል ሆኖ ተጨማደደ፤ የጠርዙ ጥበብም በአራት ጣት ተዛነፈ።

“ይኼ ጋቢ ነው የእንጦጦ ዳገት?” አለ ሾዴ።

“ጋሽ ሾዴ፣ እርስዎ እኮ ሸማ አይሠሩም፤ በርበሬ ነው የሚወቅጡት!” አለ ኢስሐቅ።

“ያንተ ደግሞ ወንፊት ነው። ዱቄት ልንፋበት?”

ከዚያ ሾዴ ቀልዱን ተወ። “በቃ፣ ሁላችንም ዕቃችንን ይዘን ወደየቤታችን እንግባ።” ሌሎቹም ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

ወይዘሮ ታየች ጋቢውን አጣጠፉ። “ጥፋቱ የኔ ነው። ጨርቁን አካፈልኳችሁ፤ እጃችሁን አላገጣጠምኩም። እስከ ሰርጉ ታገሡኝ። ከዚያ መሄድ የፈለገ ካለ፣ ዕቃውን እኔው እሸከምለታለሁ።”

በማግስቱ እንዝርታቸውን ይዘው መሀል ተቀመጡና ዘፈኑ። ድምፃቸው የሸጎሌ ከብት ገበያን በሬ ያስደነብራል። በየስንኙ መጨረሻ ስድስቱም ማጉን የሚያጠብቁበትን መምቻ እኩል እንዲመቱ አዘዙ።

“ሾዴ ክንዱ ብረት፣” ዱብ!
“ሸማው አለ፣ ‘ምሕረት!’” ዱብ!
“ኢስሐቅ እጁ ቅቤ፣” ዱብ!
“ጠበቅ አርገው፣ ልቤ!” ዱብ!

ሾዴ እየሳቀ በኃይል መምታት ስለማይችል ክንዱ ላላ፤ ኢስሐቅ ስንኙን መጠበቅ ስላለበት ረጋ አለ። በሦስተኛው ቀን ቁራጮቹ ገጠሙ። አምስተኛው ጋቢ ላይ ሲደርሱ ሾዴ መልስ ሰጠ፦

“ታየች ስትዘፍኚ፣” ዱብ!
“ጆሮዬን ሸፍኚ!” ዱብ!

ቤቱ ፈነዳ። ወይዘሮ ታየች እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ፈትላቸው ተበጠሰ። ሾዴና ኢስሐቅ እየሳቁ እኩል ሲመቱ ሸማው እንደ ወንዝ ተወላገደ። ሲሰፋ ግን ጉድ ታየ፤ የአንዱ ውልግድግድ ከሌላው ጋር ልክክ ብሎ ገጠመ!

“ተዉት፣ ይኼ የኛ ነው” አሉ ወይዘሮ ታየች። በሱና በተጨማደደው በመጀመሪያው ምትክ ሌላ ሁለት ተሠራ።

ቅዳሜ ጥር 18 የሙሽራዋ እናት መጥተው በአውራ ጣታቸው ስፌቱን ፈለጉ፤ አጡት። “የማን እጅ ነው?” ብለው ጠየቁ።

“የኔ!” አሉ ስድስቱም በአንድ ድምፅ።

እንግዳዋ እንደወጡ ወይዘሮ ታየች ነጠላቸውን አገለደሙ። “በሉ፣ ማነው የሚሄደው? ትከሻዬ ዝግጁ ነው።”

“መሄዱንስ እሄድ ነበር” አለ ሾዴ፣ “ግን ዘፈንሽን ማን ያርምልሻል?”

ስድስቱም ዛሬ እዚያው ናቸው፤ የሳቀው ጋቢም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እሳቸው ካረፉበት ከኅዳር ወዲህ ዘፈኑን የሚያወጣው ኢስሐቅ ነው። ድምፁ ያማረ ስለሆነ ሾዴ፣ “እንዲህማ የታየች ዘፈን አይሆንም” ብሎ ተቆጣው። ስለዚህ ኢስሐቅ ሆን ብሎ ያበላሸዋል። ዱብ!