ለቦንሲሌ ደቦ ያልወጣን ሰዎች

ቦንሲሌ ማሴኮ ማትሳፋ በምትባል የፋብሪካ ከተማችን ባለ አንድ ጋርመንት አሥራ አንድ ዓመት የጂንስ ዚፕ ሰፍታለች። እኔ ላሲሜላኔ አጠገቧ ተቀምጬ ኪስ እሰፋ ነበር። አፏ አያርፍም፤ ሱፐርቫይዘሩን ሳይቀር «አንተ፣ እኛ ሽንት ቤት ስንሄድ በሰዓት ትለካለህ፤ ያንተንስ ማን ይለካዋል?» ትለው ነበር። ይስቃል እንጂ አይቆጣትም፤ እጀ ወርቅ ናታ!

የምንሰፋው ሁሉ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባው እዚያ ባወጡት አንድ ሕግ ነው። ሕጉ ደግሞ፣ ሰው በነጻነት የማይናገርበትና የማይደራጅበት አገር አይጠቀምብኝም ይላል። አንድ ቀን ይህንኑ የሚያጣሩ እንግዶች መጡና በር ዘግተው ሁላችንንም ሁለት ሁለት እያስገቡ አነጋገሩን። እኔና ቦንሲሌ አብረን ገባን። እሷ የሠራተኛ ማኅበር እናቋቁም ስላሉ የተባረሩትን ሴቶች በስም ጠራች። እኔም ከተባረሩት አንዷ እህቴ መሆኗን ተናገርኩ። ስንወጣ «አየሽ፣ አሁን ያስተካክሉታል» አለችኝ። ሞኞች! ሳሩን አየን እንጂ ገደሉን አላየንም።

ሕጉ የቀጣው እኛኑ ነው። አገራችን ከዝርዝሩ ተሰረዘች፣ ፋብሪካው ተዘጋ፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ እጁን አጣጥፎ ቤት ዋለ። ከዚያ «ለእንግዶቹ ማን ነው ያወራው?» መጣ። የቦንሲሌን አፍ የማያውቅ የለም፤ እሷም አልካደችም። እኔ ዝም አልኩ።

የቀራት ሟች ባሏ የተወላት የበቆሎ ማሳ ብቻ ነበር። እኛ ዘንድ ዋናው ክረምት በሆነው በታኅሣሥ ዝናቡ ጠንክሮ አረሙ በቆሎውን ሊውጠው ደረሰ፤ ለአንድ ሰው ደግሞ የሚቻል አይደለም። በእኛ አገር እንዲህ ሲሆን ጠላ ይጠመቃል፣ ጎረቤት ለደቦ ይጠራል፣ በማለዳ ሁሉም መኮትኮቻውን ይዞ ይወጣል። የተጠራ አይቀርም፤ የተጣላ እንኳ እንዳኮረፈ ያርማል። ቦንሲሌ የመጨረሻ ማሽላዋን ጠመቀችና በየደጁ ዞራ ጠራች። ሁሉም «እሺ» አላት።

«አንድ ሰው ብቻ ቀድሞ ይውጣልኝ እንጂ ሌላው ይከተላል» አለችኝ።

በማግሥቱ ከአጥሬ ኋላ ቆሜ አየኋት። ንጹሕ ቀሚሷን ለብሳ፣ ማሳው ዳር ቆማ መንገድ መንገዱን ታያለች። ፀሐይ ወጣች፤ ዝር ያለ የለም። መኮትኮቻዬ በእጄ ነበር። ብወጣ «ለካ ይቺም ነበረችበት» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም የለውም። ረፋዱ ላይ ብቻዋን ጎንበስ ብላ ማረም ጀመረች።

አመሻሹ ላይ ጠላውን በባልዲ ይዛ እኔ ቤት መጣች። መዳፏ ተልጧል።

«ላሲሜላኔ፣ ጠጪ እንጂ፤ ሊሆመጥጥ ነው።»

«አሞኝ እኮ ነው...»

«ተዪ እባክሽ! ለኔ ነው የምትዋሺው?» ሳቅ አለች። «እንኳን ቀረሽ። ብትመጪ ይነቁብሽ ነበር። ስምሽን አላነሳሁም፤ አላነሳምም።»

ምነው በሰደበችኝ! በቅል የቀዳችልኝን ተቀብዬ ጠጣሁ።

አረሙ አሸነፋት። በመጋቢት ድንበር ተሻግራ ጆሃንስበርግ ሰው ቤት ልትሠራ ሄደች። አውቶቡስ ድረስ የሸኛት የለም፤ እኔም አልሸኘኋትም። እዚያው ታማ መሞቷን የሰማነው በሁለተኛው ዓመት ነው።

ይኸው እስከ ዛሬ የሰፈሩ ሰው ለልጆቹ እኔን እያሳየ «እንደ ላሲሜላኔ ጨዋ ሁኑ፤ እሷ አፏን ትጠብቃለች» ይላል።